የስምንተኛው ወር ምርመራ

«እስከ ስምንት ወርሽ የት ነበርሽ?» አላት ሐኪሙ፣ በሆዷ ያሉት መንትዮች ደረት ለደረት ተጣብቀው መፈጠራቸውን በአልትራሳውንድ ሲያይ። «ሚስቴን ወንድ ሐኪም አይነካትም» ብሎ ክትትል የከለከላት ጀግና አጠገቧ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ዛሬውኑ ትተኛለች፤ አስታማሚ ያስፈልጋታል» አለ ሐኪሙ።

ባሏ በሩ ሥር ወደቆሙት እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ እንሂድ። ይቺ ጉድ አርግዛ አረፈችው! በኛ ዘር እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም።»

አማቷ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ «ቀጫጫዋ» እንጂ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። አንገቷን ደፍታ ስድባቸውን ጠበቀች።

«ጉድስ የወለድኩት እኔ ነኝ» አሉ፣ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ እያዩ። «ያውም እልል ተብሎልኝ።»

እሱ በሩን በርግዶ ወጣ። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው ከአልጋዋ ጎን ተቀመጡ።