ሁለት አይወስዱም

ጀርባዬ ከሬሚ ጀርባ ጋር ተጣብቋል። አልጋው ላይ እግራችንን አጣጥፈን፣ እኔ ወደ መስኮቱ፣ እሱ ወደ ግድግዳው ዞረን ተቀምጠናል፤ የየራሳችንን ላፕቶፕ ታቅፈናል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያመለከትንበት ኮሌጅ መልስ ልክ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይለቀቃል፤ እኩል እንከፍታለን፤ ሁለታችንም አንብበን ሳንጨርስ ማንም ቃል አይተነፍስም።

«ስንት ቀረ?» ይላል ሬሚ።

«አራት ደቂቃ።»

«እየተንቀጠቀጥሽ ነው።»

«የምትንቀጠቀጠው አንተ ነህ።»

የማን መንቀጥቀጥ እንደሆነ እኔም አላውቅም። መንታ ስለሆንን እንዲህ ያለውን ነገር ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። ከታች በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር የስጋ ፓይ ይሸታል። እናታችን ካልጠራናት ላትወጣ ምላለች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ሃምሳ ልጅ ሲንጫጫ በአንድ ቃል ጸጥ ታደርጋለች። ዛሬ ግን ከምድጃው ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ ምድጃው ስትመላለስ ይሰማኛል።

ኮሌጁ ከከተማችን በመኪና ሦስት ሰዓት ነው። ከመቶ አመልካች ዘጠኙን ቢወስድ ነው። ሐምሌ ላይ ልንጎበኘው ሄደን፣ እስከ ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ዋና የትምህርት ዘርፍ መምረጥ ግዴታ እንዳልሆነ ሲነግሩን፣ ሬሚ እጁን አውጥቶ ሥነ ምድርንና ቼሎ የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ አንድ ላይ መማር ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ይቻላል አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኮርሶቹን ዝርዝር ሽንት ቤት ሳይቀር ይዞት ይገባል። እኔም የምፈልገው ያንኑ ኮሌጅ ነው፤ ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው።

በትምህርት ቤታችን ሁሉም የሚያወራው ወሬ አለ፦ እንዲህ ያለ ኮሌጅ ከአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ሁለት አይወስድም። አማካሪያችን ወይዘሮ ዌሌት እንዲህ የሚል ደንብ እንደሌለ ደጋግመው ነግረውናል። ማንም አላመናቸውም። ያመለከትነው ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ነው፤ አንድ ኮሌጅ ብቻ ተመርጦ፣ ከተቀበሉኝ ሌላ ቦታ አልሄድም ተብሎ፣ እናትም ልጅም የሚፈርሙበት።

እሱ ገብቶ እኔ እቀራለሁ ብዬ እፈራለሁ። እኔ ገብቼ እሱ ይቀራል ብዬም እፈራለሁ። የመጀመሪያው ይብስብኛል፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር በራሴ አፍራለሁ።

«አሥር ሰዓት ሆነ» እላለሁ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

ገጹ ለመከፈት ይንቀራፈፋል። ከዚያ «ውድ ኮሪን፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ይላል። ስሙ የእኔ መሆኑን ለማረጋገጥ ሦስት ጊዜ አነብበዋለሁ። ልጮህ ነበር፤ ግን ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እጠብቃለሁ። ከኋላዬ አንድም ቁልፍ ሲጫን አልሰማሁም።

«ሬሚ፣ አነበብክ?»

«ገባሽ አይደል? ጀርባሽ ነገረኝ።»

«ያንተስ?»

እዞራለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው የኮሌጁ መልስ ሳይሆን የማመልከቻው ቅጽ ነው። ስሙ፣ ከእኔ ጋር አንድ የሆነው የልደት ቀኑ፣ ከተማችን ዳር ስላለው የድንጋይ ካባ የጻፈው ድርሰት፣ ሁሉም እስከ መጨረሻው ተሞልቷል። ከላይ በቀይ «አልተላከም» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማመልከቻዬ ነዋ።»

«ቀኑ ካለፈ ስድስት ሳምንት ሆነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ለእኔ ብለህ ነው? ሁለት አይወስዱም ስለሚባለው?»

«እንደዚያ ቢሆን በወደድኩ። ቅዱስ ነገር እመስል ነበር» ይላል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «ፈርቼ ነው፣ ኮሪ። በየቀኑ ከፍቼ አየዋለሁ። እጄ እምቢ አለኝ። ኋላ ቀኑ አለፈ፤ እማዬ ደግሞ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግራለች።»

«ሁለተኛው ዙር እስከ ጥር ክፍት ነው። አሁኑኑ ላከው፤ ካልቻልክ እኔ ልላክልህ» ብዬ እጄን እዘረጋለሁ።

«ተይው።» ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ይከድነዋል።

ልቆጣው ይገባኝ ነበር። ግን «አልተላከም» የሚለውን እንዳየሁ፣ ከድንጋጤው በፊት፣ ለአንድ አፍታ እፎይ ብያለሁ። ጥቅምትን ሙሉ እንዳይልክ ስመኝ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ሬሚ ፊቴን እያየኝ ነው። አብሮኝ የተወለደ ነውና ምን እንዳየ አውቃለሁ፤ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ደረጃው ይንቋቋል። «ልጆች? ዝም አላችሁ እኮ» ትላለች እማዬ ከበሩ ውጪ። «ልቤ ሊቆም ነው፤ ልግባ?»

«እንዳትነግሪያት» ይላል ሬሚ በሹክሹክታ። «አልተቀበሉኝም እላታለሁ። እሱ ይሻላል።»

«ሬሚ፣ እንዲህማ አይሆንም...»

በሩ ይከፈታል። እማዬ በሁለት እጆቿ የኮሌጁ ስም የተጻፈባቸው ሁለት አረንጓዴ ሹራቦች ይዛለች፤ የዋጋ ወረቀታቸው እንኳ አልተበጠሰም። ሐምሌ ላይ ገዝታ እስከ ዛሬ ደብቃቸው ኖሯል። መልስ ሳይመጣ እንዲህ ያለ ሹራብ ማንም አይለብስም፤ ገድ ያበላሻል ይባላል።

«እኔን አልተቀበሉኝም፣ እማ» ይላል ሬሚ ፈገግ ብሎ። «ኮሪ ግን ገብታለች።»

አፌን እከፍታለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። መልሼ እዘጋዋለሁ።

«እሰይ፣ የኔ ልጅ» ትለኛለች እማዬ፤ የምታየው ግን እሱን ነው። በቀኝ እጇ ያለውን ሹራብ ትዘረጋልኛለች፤ ግራ እጇ ደግሞ ቀስ እያለ፣ እሱ እንዳያይ፣ ሁለተኛውን ይዞ ወደ ጀርባዋ ይዞራል።