በጡጫ የተገዛች ኮምፒውተር

ጥልፍ ሠሪዋን ሰፈሩ «ነበልባል» ይላታል። እጇ ከመርፌ ይፈጥናል፣ አፏ ከእጇ ይፈጥናል፣ ቁጣዋ ደግሞ ሁሉንም ጥሎ ይሮጣል።

ያን ቀን አሮጌ ኮምፒውተር ልትገዛ ወጣች። የጥልፍ ማሽኗ አበባውንም ወፉንም የሚያነበው ከጠፍጣፋ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩን የሚሞላላት የቤት ኮምፒውተሯ ደግሞ ጨሳ ሞተችባት። የሠርግ ልብስ ጠረጴዛዋ ላይ ተቆልሏል። ነገ ካልደረሰ ባለቤቶቹ ጨርቃቸውን አንስተው ማዶ ላለችው ጥልፍ ሠሪ ይሰጧታል። ከዚያ ወዲያ ነበልባል ምን ልትበላ ነው? ጡጫዋን?

ሱቁ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። ዲስኳን ከቦርሳዋ አውጥታ አንድ በአንድ ሞከረቻቸው። ሆዷ የተነፋው ግራጫዋ ዲስኩን ጎረሰች፤ ግን ስክሪኗ ሁለቴ ተርገብግቦ ጨለመ። ነጯ ስልቅጥ አድርጋ ዋጠችውና እንደ ጠገበ ሕፃን እፎይ አለች። ጥቁሯ ታብረቀርቃለች፤ ዲስክ የሚገባበት አፍ ግን የላትም።

«ጥቁሯ ግን ፈጣን ናት እኮ፣ እትዬ» አለ ሻጩ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ወጣት።

«ልጋልባት ነው እንዴ? አፍ የላትም! ነጯን ጠቅልልልኝ።»

ሻጩ አልተከራከረም። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆዎቹን ከጠረጴዛው አንስቶ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ ሰቀላቸው። ከዚያ ወደ ነጯ ዞረ።

በሩ ተበረገደ። ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ ጆሮዋ ላይ ጉትቻ፣ አንገቷ ላይ ሐብል የሌላት ደንዳና ሴትዮ ገባች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ጥቁሯን አምጣልኝ!» አለችው። ወደ ነበልባልም ዞረች። «ዞር በይ እስቲ አንቺ። ነጯን ይዘሽ ሂጂ፣ ለአንቺ ቢጤ ትበቃለች። ጥቁሯ የሰው ናት።»

«ምን አልሽ?»

«ጭራሽ ጆሮም የላትም!»

አይ እልህ! ነበልባልን ሲይዛት ከእግሯ ጥፍር ጀምሮ ነው የሚወጣው። ጥቁሯን ጥርቅም አድርጋ አቀፈቻት።

«እኔን ገድለሽ ካልሆነ አትወስጂያትም!»

ሴትዮዋ በጥፊ አጮለቻት። ኧረ ምኑ ይወራል! ነበልባል ኪቦርድ አንስታ ግንባሯ ላይ አሳረፈችው፤ ፊደሎቹ እንደ በረዶ ወለሉ ላይ ረገፉ። ሴትዮዋ ክንዷን ነከሰቻት፤ ነበልባል በክርኗ አፍንጫዋን አለቻት፣ ደሙ ዥው አለ። ተያይዘው ተንከባለሉ። ነበልባል የማውሱን ገመድ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ስትጎትታት የሴትዮዋ ዓይን ሊወጣ ደረሰ።

«ኧረ እናቶቼ! ኧረ በገላጋይ አምላክ!» ይላል ሻጩ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ።

«በቃኝ!» ጮኸች ሴትዮዋ። «ውሰጃት! ገደለችኝ!»

ነበልባል ከንፈሯ እንደ ዳቦ አብጦ፣ ያለ ክርክር ከፍላ፣ ጥቁሯን ታቅፋ ወጣች። መንገዱን ሙሉ እየሳቀች ነው የሄደችው።

«አሳየኋት!» አለቻቸው ጎረቤቶቿን። «ዋ! ነበልባልን አታውቅማ!»

ቤቷ ገብታ ኮምፒውተሯን ከማሽኗ አጠገብ አስቀመጠች። ዲስኳን አወጣች። ከፊት አየች፣ ከኋላ አየች፣ ገልብጣ አየች።

«ወይ ጉዴ! ወይ እኔ እርጉሟ!»

ነጯን ሳይሸጣት ልድረስ ብላ፣ ጥቁሯን መልሳ ታቅፋ፣ እያለከለከች ሮጠች። የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። ትንፋሿን ልትሰበስብ ደፉ ላይ ቆመች።

ሴትዮዋ የሻጩ ወንበር ላይ ተንሰራፍታለች። እሱ አፍንጫዋን በጥጥ እየጠረገላት ነው። ጉልበቷ ላይ ሌላ ጥቁር ኮምፒውተር አለ።

«ልጄ፣» አለችው፣ «ይቺኛዋን ደግሞ ጠዋት ነው ከሰዓት የምደበደብላት?»