የሁዳዴ ድመት

በሁዳዴ ጾም እኩሌታ፣ የንስሐ አባታቸው ቤቱን ጸበል ሊረጩ በመጡበት ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ግራጫ የሰፈር ድመት በተከፈተው በር ገብታ ሳሎኑ መሃል ቁጭ አለች።

ባልየው ክው አለ። በምሳ ሰዓት ማንም የማያውቀው ሰፈር ሄዶ ጥብስ በልቶ ነበር የመጣው። እጁን በሎሚ ቢያሸውም ሽታው የለቀቀው አልመሰለውም።

«ይቺን ድመት አስወጪልኝ» አላት ሚስቱን፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ።

«አንተው አስወጣት፤ እኔ ድመት አልወድም» አለች ከመቀመጫዋ ሳትነቃነቅ።

«ተዋት ልጄ፣ ርቧት ይሆናል» አሉ ቄሱ። «ትንሽ ወተት ብትሰጧትስ?»

«በጾም ወተት ከየት ይመጣል፣ አባ» አለች ሚስቱ።

«እውነትሽን ነው» አሉ ቄሱ ፈገግ ብለው። «እዚህ ቤት ለእሷ የሚሆን ነገር እንደሌለ ስታውቅ ራሷ ትሄዳለች።»

ድመቷ ግን አፍንጫዋን ቀስራ ተነሳችና ቀጥ ብላ ወደ ባልየው መጣች። ጫማውን አሸተተች፤ ሱሪውን ታከከች። ላብ አጠመቀው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። እንግዲህ ማለቁ ነው ብሎ «አባ፣ ይፍቱኝ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ድመቷ ትታው አለፈች።

ሚስቱ ጭን ላይ ዘላ ወጣች። ከነጠላዋ ስር የሸሸገቻቸውን ጣቶች ፈልጋ አገኘችና አንድ በአንድ ትልሳቸው ጀመር።

ሚስቱ አንገቷን ደፋች።

ባልየው ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። እጁን ከኪሱ አወጣና ለድመቷ ዘረጋላት።