ክብሪት የማይጠብቀው ጋዝ

«ቆይ፣ አንዴ ላስተንፍሰውና እገጥመዋለሁ» አለ ወንድሟ፣ ቁልፉን የሲሊንደሩ አንገት ላይ እየከተተ።

ጽዳት ሠራተኛዋ እህቱ መወልወያዋን ወረወረችው። ከኮሪደሩ ጋዝ ክፍሉ ውስጥ እንዴት እንደደረሰች እሷም አታውቅም። እጁን አፈፍ አደረገች።

«ልቀቅ!»

«እታለም፣ ምን ነካሽ?»

«ልቀቅ አልኩህ!»

ሃያ ዓመት በብየዳ የኖረ ሰው ነው። አዲስ ሲሊንደር ሲመጣለት ቫልቩን ለቅጽበት ከፈት ያደርጋል፣ አፉ ላይ የተቀመጠው አቧራ ብን ይላል፣ ወዲያው ይዘጋል። ሳያስበው የሚሠራው ነገር ነው። እዚህ ፋብሪካ ዓይኗን በጨው አጥባ ለምና ያስገባችው እሷ ናት፤ የሙከራ ጊዜውም ዛሬ ያልቃል። ይኼን ጋዝ የሚጠብቀው ማሽን ቆሟል። የሶላር መስታወቱ ሳይቀባ ተደርድሯል። ካቦው በሩ ላይ ቆሞ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ እነሱን ያያል።

«ኧረ ጉድ!» አለ ካቦው። «በያጁን ጽዳቷ ልታስተምረው ነው። ወለልሽን ጨረስሽ ሴትዮ?»

«አልጨረስኩም። አልጨርስምም።»

ወንድሟ ጆሮው ድረስ ቀላ። «በእናትሽ አታዋርጂኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጋዝ እኮ ነው። ቤትሽ ታበስይበት የለ? እሳት በሌለበት ምን ይሆናል?»

ያስፈራት ይኼው ነው። እውነቱን ነው፤ ለሚያውቀው ጋዝ እውነቱን ነው።

«የቤቱን ጋዝ ተወው» አለች። የጋዝ ክፍሉ ኢንጂነር ያስረዳቻትን ደገመችለት። «የሱ ሃይድሮጅን ካርቦን ላይ ነው የተጣበቀው። ካርቦን ደግሞ የያዘውን አይለቅም፣ ክብሪት ካልተጫረበት። ይኼኛው ሲታይ መንትያው ነው፣ ግን በካርቦን ፈንታ ሲሊከን ነው ያለው። ሲሊከን ገላው ሰፊ፣ አያያዙ የላላ። አየር ሲነካው በራሱ ይነድዳል። አንዳንዴም ዝም ብሎ ይጠራቀምና ቆይቶ ይፈነዳል።»

«ማነው ያለሽ?»

«ኢንጂነሯ። እሷ ሳትኖር አይከፈትም ብላለች፣ አይከፈትም።»

«እሷ ስብሰባ ላይ ናት!» ካቦው ጮኸ። «እስክትመጣ ሥራ ይቁም?»

«ይቁም።»

ቁልፉን ከወንድሟ መንጭቃ ሽርጧ ኪስ ከተተችው። ካቦው ስልኩን አወጣ፤ ለአስተዳደር የሁለቱንም ስም ሲናገር ሰማችው። ወንድሟም ሰማ።

«በቃ፣ ደስ ይበልሽ» አላት። «ድሮም እንዲህ ነሽ። ከያዝሽ አትለቂም።»

እጅጌውን ይዛ እየጎተተች ወደ ጓሮ ወሰደችው። የወዲያኛው ማሽን እየሠራ ነው፤ ከሱ የተረፈው ይኸው ጋዝ ከአየር ጋር ተገናኝቶ የሚወገድበት ወፍራም የብረት ሣጥን ጓሮ ቆሟል፣ በአንድ ጎኑ የመዳፍ ስፋት ያላት መስታወት አለችው።

«ጎንበስ በል። እይ።»

እያጉረመረመ ጎንበስ አለ። በሣጥኑ ውስጥ ካለችው ጠባብ ቱቦ ጫፍ እሳት ቦግ አለ፣ ጠፋ። ነጭ ብናኝ ወደ ታች ረገፈ። ደግሞ ቦግ አለ።

«መለኮሻው የታለ?» አለ።

«የለውም።»

«እንዴት አይኖረውም? ሳይለኮስ?»

ተንበረከከ። በሣጥኑ ሥር አየ፣ በጀርባው አየ፣ ሽቦ ቢያገኝ ብሎ የብረቱን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። አንድ ዙር ዞረ። ሁለተኛ ጀመረ። ካቦው ከውስጥ ይጣራል።

ሁለተኛውን ዙር ሳይጨርስ ፍለጋውን ተወ። መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፣ ልክ በመስታወቷ ትይዩ። ፊቱ በነበልባሉ ብርሃን በርቶ ጠፋ፤ ማንም ሳይነካው እንደገና በራ።