ልክ የሆነው ጫማ

«ይጠብሃል?» አሉ ጋሽ ፍቅረሥላሴ፣ ቡራዩ አስፋልት ዳር ባለችው ሱቃቸው ደጃፍ ተንበርክከው፣ የሴፍቲ ጫማውን ጎን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ።

ቀጄላ ጨነቀው። ጥያቄው ለሌላ ሰው ቀላል ነው። የእሱ እግር ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ ወሬ ማቀበል ትቷል፤ ቢጠበውም ባይጠበውም ያው ነው።

«ትንሽ» አለ። አዲስ ጫማ መቼም ትንሽ ሳይጠብ አይቀርም ብሎ ነው።

«የቱ ጋ?»

በግምት ጠቆመ። «እዚህ፣ ትንሿ ጣት ጋ።»

ጋሽ ፍቅረሥላሴ ጫን ጫን አድርገው አዩት። «እዚህማ ባዶ ነው። ሌላ ጣት ይጨምራል።»

የሽንኩርት ፌስታሏን ይዛ አጠገባቸው የቆመችው ሚስቱ ዱርሲቱ ሳቀች። «ተዉት ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው። ገና ጫማ ሲባል ፈርቷል።»

መፍራቱንስ ፈርቷል። ስኳር እንዳለበት ዱርሲቱ ታውቃለች፤ እግሩ መደንዘዙን ግን አልነገራትም፣ ለማንም አልነገረም። ባለፈው ሰሞን ሚስማር የሸራ ጫማውን ሶል በስቶ እግሩ ውስጥ ተሰክቶ ውሎ፣ ያወቀው ካልሲው በደም ተጣብቆ ሲያገኘው ነው። ከዚያ ወዲህ እግሩን የሚታጠበው በር ዘግቶ ነው። ሰኞ ደግሞ ሱሉልታ ተራራው ላይ የባህር ዛፍ ቆረጣ ይጀመራል። ካቦው ሴፍቲ ጫማ ያላደረገ ጫካ አይገባም ብሏል። እግሩ የማይሰማ ሰው መሆኑን ካወቀማ ቦታውን በዚያው ቀን ለሌላ ይሰጥበታል፤ ቀጄላ ደግሞ ዛፍ ከመጣል ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

የሥራው ነገር ብቻ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። ቁልቁለት ላይ የሞተር መጋዙ ጆሮ ሲደፍን፣ ዛፉ ሊሄድ መሆኑን ቀድሞ የሚያውቀው እግር ነው። መሬቱ ከሥር ንዝር ይላል፣ ያኔ ዘወር ማለት ነው። ስንቱን ጀማሪ «እግርህን ስማ» እያለ ሲቆጣ ኖሯል። አሁን ይቺ ነገር ትዝ ባለችው ቁጥር እህል አይወርድለትም።

«እንዳላስቸግርዎት ለክቼ ነው የመጣሁት» አለና ከኪሱ ቁራጭ ሲባጎ አወጣ። እግሩን መሬት ላይ አኑሮ፣ ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ ለክቶ የቆረጠው ነው።

ጋሽ ፍቅረሥላሴ ሲባጎውን ተቀብለው ገለባበጡት። «ምነው ቀጄላ፣ ይሄ እኮ ለሌለ ሰው ነው። ገጠር ያለ ሰው፣ መምጣት ያልቻለ፣ ሲባጎ ይልካል። አንተ እግርህን ይዘህ መጥተህ?»

ዱርሲቱ ልትስቅ አፏን ከፍታ ነበር፤ አልሳቀችም። ሲባጎውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ፌስታሏን መሬት አስቀመጠች።

«ማል ታቴ? ምን ሆነሃል?» አለችው ቀስ ብላ።

«ምንም አልሆንኩም። ልኩን ላውቅ ብዬ ነው።»

«በል እስቲ ተራመድበት» አሉ ጋሽ ፍቅረሥላሴ።

ሱቁ ፊት ለፊት የተደፋው ጠጠር ላይ ወዲያና ወዲህ አለ። አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋበት፤ ቀና አላለም፣ ዓይኑን ከጫማው ከነቀለ የሚወድቅ ይመስለዋል። ዱርሲቱ አረማመዱን ትከታተላለች።

«አሁን ዋናው ማሟሸቱ ነው» አሉ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ከኋላው። «እንደ አዲስ ሸክላ ነው ይሄ። ሞራ ትቀባዋለህ። መጀመሪያ እዚያው ቤትህ አካባቢ፣ በወፍራም ካልሲ፣ ትንሽ ትንሽ ትሄድበታለህ። ማቃጠል ሲጀምርህ አውልቀህ ታሳርፈዋለህ። የቱ ጋ እንደሚያስቸግር እግርህ ራሱ ይነግርሃል።»

«እሺ ጋሼ።»

«ይሉኝታ ደግሞ አይያዝህ። ልክ ነው ብለው ወስደው፣ ተልጠው እያነከሱ የሚመለሱ ሞልተዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?»

ቀጄላ አብሮ ሳቀ። ሰውየው አውቀው ይሆን ብሎ ፊታቸውን ሰረቅ አድርጎ አየ። ሌላ ጥንድ ጫማ እየወለወሉ ነው።

«ና ተቀመጥ፣ ላውልቅልህ» አለች ዱርሲቱ።

«እኔ አወልቃለሁ።»

«ተቀመጥ አልኩህ።»

ሰው ፊት ክርክር እንዳይሆንበት በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጎንበስ ብላ ክሩን ፈታች፣ ጫማውን ሳበች፣ ካልሲውንም ጨምራ አወለቀች። እሱ ወደ ታች ላለማየት ወሬ ጀመረ።

«ልክ ናት ጋሼ፤ ይቺኑ ይጠቅልሉልኝ።»

«የሱሉልታው ዛፍ ወፍራም ነው የሚሉት እውነት ነው?» አሉ ጋሽ ፍቅረሥላሴ ካርቶን እየፈለጉ።

«እንዴታ፣ አንዳንዱ ግንድ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም» አለ ቀጄላ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ያወራል፤ ወሬውም ሞቀለት። ገደሉን፣ ጭቃውን፣ ባለፈው ዓመት የወደቀውን ትልቁን ግንድ ሁሉ አነሳ። ነገሩ ያለፈለት መስሎት ደረቱን ነፋ አድርጎ ተነፈሰ። ዱርሲቱ ገና ከእግሩ ሥር አልተነሳችም። ጎንበስ ብሎ አያት።

የአውራ ጣቱን ሥጋ በሁለት ጥፍሮቿ ቆንጥጣ ይዛለች። ጥፍሮቿ ጠልቀው ገብተዋል፤ መቼ እንደጀመረች አያውቅም። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ እግሩን ሳይሆን ፊቱን ነው የምታየው፤ ትንሽ እንኳ ጨምደድ እስኪል እየጠበቀች።