ቢጫው ጀሪካን

የቧንቧ ውሃ አፉ በተከፈተ ጀሪካን ሁለት ቀን አድሮ የማከሚያ መድኃኒቱ ካልወጣለት፣ በመስታወት ገንዳ የምታሳድጋቸውን አሳዎቿን ይፈጅባታል። ስለዚህ ቢጫ ጀሪካኗን ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። ምክንያቱን ለአማቷ ለእትዬ አሰገደች አልነገረቻቸውም፤ "መውለድ ቢያቅታት አሳ ታሳድጋለች" ብለው ካሟት ወዲህ አይነጋገሩም።

ዛሬ እጅ ከፍንጅ ያዘቻቸው። አማቷ ከነጠላቸው ስር ጠርሙስ አውጥተው ጀሪካኑ ውስጥ ያንቆረቁራሉ።

"አሳዎቼን ሊጨርሱብኝ ነው?"

አሮጊቷ ደነገጡ። "ውሃው የአሳ ነው እንዴ? አንቺ የምትጠጪው መስሎኝ!"

"ታዲያ እኔን ሊመርዙኝ ኖሯል!"

"አፍሽን ያዢ!" አሉ በቁጣ። "እንድትወልጂ ብዬ ከኪዳነ ምህረት በእግሬ ያመጣሁት ጠበል ነው። ወር ሙሉ ስጨምርልሽ ነበር።"

ፊቷን ወደ አሳዎቹ ገንዳ ስታዞር፣ ውሃው ውስጥ ካለው ቅጠል ስር የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ የአሳ ልጆች ይርመሰመሳሉ።