ያልያዘው ቁልፍ

ማን ከማን ጋር እንደሚኖር በየዓመቱ የሚወስነው የቀበሌው የካርታ ጨዋታ ማሽን ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያልተያዘ ካርታ በሌላ ሰው ካርታ ይቀየራል። ምንታምር ተራዋ ደርሶ ስትቀመጥ የእናቷ ፎቶ ያለበት ካርታ ወጣላት። «ያዝ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነች፤ አልሠራም። ስክሪኑን በጣቷ ደጋግማ ነካች። ደቂቃው አለቀና እናቷ ሌላ ሰው ቤት ተመደበች።

«ቁልፉ ተበላሽቷል እኮ!» ብላ ጮኸች።

«እህቴ፣ አንዴ ከተቀየረ አይመለስም» አላት የማሽኑ ሠራተኛ።

በማግስቱ በእናቷ ምትክ የተመደቡት አሮጊት ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ «ልጄ ምነው ሳይዘኝ ቀረ?» አሉ።

«ቁልፉ ነው፣ እማማ። ተበላሽቶ ነው።»

አሮጊቷ አላመኗትም። ምንታምር ግን አጠገባቸው ቁጭ ብላ፣ ለእናቷም ይህንኑ የሚነግራት ሰው ይኖር እንደሆነ እያሰበች አለቀሰች።